ነጩ ድንኳን

ልጄ መኪናው ጣራ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ሊመርጥ ሱቅ ይዞኝ ገባ። የሸራው ሽታ ግን ልጅነቴን፣ ቡሬን አመጣብኝ።

አባዬ የመንገድ ቀያሾች ሾፌር ነበር። አንድ ማታ ቡሬ ገበያ ዳር ስናድር፣ ጅብ ስለሚፈራ ነጭ ድንኳን ላንድሮቨሩ ፖርቶመጋላ ላይ ጠፍሮ ከእኔ ጋር እዚያው ተኛ። ጠዋት በእልልታ ነቃን። ገበያተኛው መኪናውን ከቦ ይሰግዳል፤ ለካ ነጭ ድንኳን የሚያውቀው በጥምቀት፣ ታቦት ሲያድርበት ነው። የአባዬ ሱሪ ደግሞ ታች ጋቢና ውስጥ ቀርቷል።

አንድ ቄስ ጠጋ ብለው፣ «የትኛው ታቦት ነው የመጣልን?» አሉ።

አባዬ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ኧረ አባ፣ እኔ ነኝ! እባክዎ ሱሪዬን ያቀብሉኝ» አለ።

ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ተነሡ ልጆቼ፤ ይኸስ ሱሪ የሚፈልግ ነው።»

«ነጩ አያምርም?» አለኝ ልጄ።

«ያምራል። ሱሪህን ለብሰህ የምትተኛ ከሆነ ግዛው።»