ሁዳዴ በእትዬ ሊን ዳቦ ቤት

ልጅ ሳለሁ ተረት የጠገብኩት ቤቴ ተቀምጬ እንዳይመስላችሁ፤ አራዳ ገበያ ጥግ፣ እትዬ ሊን የምንላት ቻይናዊት ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እትዬ ሊን መንገድ ለሚሠሩ የአገሯ ሰዎች በካምፕ ስታበስል ኖራ፣ መንገዱ አልቆ እነሱ ሲሄዱ ጎንደርን ወደደችና ቀረች። ዳቦዋ በእንፋሎት የሚበስል፣ ነጭ፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ እንኳ የሚበላው ለስላሳ ነበር፤ ውስጡ ከእንቁላልና ከወተት የተሠራ ጣፋጭ አለው። ሁለት ብር የያዘ ልጅ አንድ ዳቦ ገዝቶ፣ የሰሊጥ ከረሜላ ምርቃት ተጨምሮለት ይወጣል። ወይ ጣዕም! አሁንም ሳስበው ምራቄ ይመጣል።

ተረቱን የሚነግረን ዘበኛዋ አያ ታከለ ነበር፤ የመካነ ብርሃን ሰው፣ ቀልደኛ፣ ደግሞም ቁጡ። ያኔ መሸት ሲል መብራት ይጠፋል፤ እትዬ ሊን ፋኖስ ትሰቅላለች፤ እኛም የከሰሉ ፍም ዙሪያ ኩርምት ብለን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የእንፋሎቱ ሽታ ሆዳችንን እያባባው እናዳምጣለን። «ምነው አፍሽን ከፈትሽ? ዝንብ እንዳይገባብሽ!» ይለኝ ነበር አያ ታከለ፣ ተረቱ መሃል ቆም ብሎ።

ሁዳዴ ገባ። እትዬ ሊን እንደ ወትሮዋ ትሪዋን ሞላች፤ ማንም ዝር አላለም። በማግስቱም እንዲሁ። ዳቦ ቤቱን የከፈተችው ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ሲቀዘቅዝባት የገበያ ጠባይ ነው ብላ አልፋዋለች፤ አሁን ግን ሰው ሁሉ የተቀየማት መሰላት። «እኔ መጥፎ?» እያለች አያ ታከለን ትጠይቀዋለች። በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን በካርቶን ማሰር ጀመረች። እሷ ከሄደች አያ ታከለም ወደ አገሩ መመለሱ ነው። ወይኔ፣ ዳቦውም ተረቱም በአንድ ቀን ሊሄዱብኝ!

አያ ታከለ «ጾም! ጾም ነው!» ቢላት አልገባትም። ተናደደ፤ ጋቢውን ጣለና ተረት ጀመረላት። አያ ጅቦ ሁዳዴን ሊጾም ተሳለ። አህያ መንገድ ላይ ብታገኘው «አይዞሽ፣ ጾመኛ ነኝ» አላት። እሷም «ሸጋ! ፋሲካ መቼ ነው?» አለችው። ይህን እያለ ሽማግሌው አያ ታከለ ራሱ እንደ ጅቡ በአራት እግሩ ሄደ! እንቁላሉን አሸተተና አፉን በእጁ ከድኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከተ። ወተቱንም እንዲያው። ጥግ ላይ የተቀመጠው የቦሎቄ ጆንያ ጋ ሲደርስ ግን እያጣጣመ የሚበላ መሰለ። እኛ በሳቅ ፈረስን። እትዬ ሊን ግንባሯን በመዳፏ መታችው። «ላም የለም! ዶሮ የለም! ቦሎቄ አለ!»

በነጋታው ቦሎቄ ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ በስኳር አጣፍጣ ዳቦው ውስጥ ጨመረችው። ወሬ ግን ቀደማት። ፊት ለፊቷ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴትዮ «የአሳማ ሞራ ሳይኖርበት ይቀራል?» አለች፤ በቃ፣ ገዢ ድርሽ አላለም። ማታ አያ ታከለ ቤታችን መጣ። አባቴ ቄስ ናቸው። «አባ፣ አንድ ጊዜ መጥተው በዓይንዎ ይዩላት» ብሎ ለመናቸው። አባቴ «እንዴት አመሸህ» ብለውት ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ፣ አባቴ ዳቦ ቤቱ ገቡ። ገበያተኛው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ሊን ዱቄቱን በውሃና በእርሾ አቦካች፤ ቦሎቄውን አሳየቻቸው። ድስቱን ሁሉ እየከፈቱ አዩ። ዳቦው ሲበስል ባረኩና ገመጡት። «ኡፍ!» አሉ፤ ምላሳቸውን አቃጠላቸው። ቀጥለው አፋቸው እንደሞላ «ሸጋ ነው!» ቢሉ ገበያው በሳቅ አውካካ። መጀመሪያ ተጋፍታ የገባችው ያቺው ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት። ትሪው ባዶ ሲሆን እትዬ ሊን ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አያ ታከለም «በይ ተነሺ፣ ሌላ አቡኪ!» ብሎ ተቆጣት፤ የራሱም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ማታ አባቴን «አባባ፣ አያ ታከለ ስለለመነዎት ነው የሄዱት?» አልኳቸው።

«የለም» አሉኝ። «ሰሞኑን ከቅዳሴ ስመለስ ትሪዋን ይዛ ብቻዋን ቆማ አያታለሁ። ጾም ራስን ማስራብ ነው፣ ልጄ። እኛ ሰው ልናስርብ ነበር።»

ዳቦ ቤቱ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት ስብከት ሰማሁ፤ እንደዚያ አንጀቴ የገባ የለም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር በአራዳ ሳልፍ ዓይኔ የሚሄደው ሰው ወደተሰለፈበት ሱቅ አይደለም። ትሪዋን ይዛ ብቻዋን የቆመች እንዳለች እፈልጋለሁ፤ ካገኘኋት፣ ዳቦም ይሁን ቆሎ፣ ገዝቼ እዚያው ፊቷ እበላለሁ፣ ሰው እንዲያየኝ።