ከሚስቱ ስልክ የጠፋችው ቅዳሜ

ሽቦ የሚሉት ቀጭን ስለሆነ ነው። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ኮምፒውተር ስለምነካካ ነው» ይላል፤ መቼም ሰው ቅጽል ስሙን እንደሚመቸው የመፍታት መብት አለው። ሥራው የከተማው አዳራሽ ውስጥ ነው። ከትኬት መሸጫው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተደረደሩበት ኮሪደር ጫፍ፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ መቆም ያለበት ክፍል አለችው። የአዳራሹን ዌብሳይት የሠራው እሱ ነው። በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ደግሞ ካላንደሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹን የሚጠቀም ሰው ሁሉ የራሱ ሊንክ ይሰጠዋል። ሊንኩን አንዴ ስልኩ ላይ ካስገባ በቃ፤ ልምምድ ሲጨመር፣ ሰዓት ሲቀየር፣ ክፍል ሲዛወር ስልኩ ራሱ እየጠየቀ ያመጣለታል። የካራቴው ሰው የካራቴውን፣ የቲያትሩ ሰው የቲያትሩን ብቻ ያያል። ካላንደሩ ከመጣ ወዲህ ሰሌዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ቀረ፤ «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» እያሉ መደዋወልም ቀረ።

የሽቦ ሚስት የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ከሥራ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ባለው የቲያትር ክበብ ትሳተፋለች። ዱሮ «ነገ ምን አለን?» ብላ የምትጠይቀው ባሏን ነበር። አሁን ስልኳን ትጠይቃለች። የስልኳን ቀናት የሚሞላው ደግሞ የቲያትሩ አዘጋጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ «እህቴ» ሲል እንኳ ሌላ ነገር ያለ የሚመስል ሰው። እሱ እዚያ አንዲት ቁልፍ ሲጫን እሷ እዚህ እራቷን አቋርጣ ትነሳለች። የሽቦን አንጀት ያሳረረው ይሄ ነው፤ መንገዱን የጠረገለት ራሱ መሆኑ።

«ዛሬም ልምምድ ተጨመረ?»

«ካላንደሩ ላይ አለ እኮ። አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?» ትላለች ጫማዋን እያጠለቀች። «ሽቦዬ፣ ፊትህን ፍታው እንጂ! ጥርስህን ልትነቀል ወረፋ የያዝክ ትመስላለህ።»

በማግስቱ ትኬት ሻጯ ትጨምርለታለች። «የባለቤትህ ሳቅ ትናንት ኮሪደሩን ሞልቶት አመሸ እኮ፣ ወንድሜ!» ሴትዮዋ ለክፋት አልነበረም። ሽቦ ግን ቀኑን ሙሉ ያንን ሳቅ ሲያመነዥክ ይውላል። እቤት እንደዚያ የሳቀችው መቼ ነበር?

ያን ሰሞን በአዲሱ ቲያትር ዳኛዋን ሆና የምትጫወት ሴት ልትመረጥ ነበር። የታጩት የሽቦ ሚስትና ሌላ አንዲት ሴት ናቸው። ሚስቱ እስከዚያ ድረስ በር ከፋች፣ ሻይ አቅራቢ፣ «እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል» ባይ ሆና ነው የኖረችው፤ ይህን ቦታ እንዴት አድርጋ እንደፈለገችው የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር ያውቃል። ዕቃ እያጠበች በድስቱ ላይ ትፈርዳለች። ሽቦንም የመታጠቢያ ቤት መብራት ሳያጠፋ በመውጣቱ ዕድሜ ልክ ፈርዳበታለች። የመምረጫው ፈተና ቀን ግን አልተቆረጠም ነበር። አዘጋጁ «ካላንደሩ ላይ ታዩታላችሁ» ብሏቸዋል።

ሰኞ ዕለት የፈተናውን ቀን ሽቦ ከማንም ቀድሞ አየው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፎቅ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል። ክበቡ ሁልጊዜ የሚገናኘው ሐሙስ፣ ትልቁ መድረክ ላይ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ አዳራሹ ስለሚጨናነቅ ሽቦ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ቅዳሜ ግን የሱ ነበረች፤ እሱና እሷ አብረው የሚያረፍዱባት። ደሙ ፈላ። «ሐሙስ ምን ሆነ? መድረኩ ምን ሆነ?» አለ ለኮምፒውተሩ።

የሠራው ሥራ አንድ መስመር ኮድ ነው። ለሚስቱ ሊንክ ብቻ፣ ያቺን ቅዳሜ ዝለላት የሚል። ጽፎ ሲጨርስ ደስ አለው፤ አዎ፣ እጁን አፋተገ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን ከፍታ ስትዘጋ አየ። «ቀኑ እስካሁን አልወጣም?» ትለዋለች። «ይወጣል» ይላታል። ዓርብ እራት ላይ «ለዚያችኛዋ ሰጥቷት ይሆናል» ብላ ሹካዋን አስቀመጠች።

ቅዳሜ ገና ሳትነሳ ላፕቶፑን ከፍቶ መስመሯን አጠፋት። ቀኗ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ነገር ግን ካላንደሩ የተቀመጠበት ሰርቨር ወደ ስልክ የሚልከው ነገር የለም፤ መጥቶ የሚጠይቀው ስልኩ ነው፣ ያውም ትዝ ሲለው። ይህን ከሽቦ በላይ የሚያውቅ የለም። የሷ ስልክ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ በቀን አንዴ ከጠየቀ ብርቅ ነው። ሽቦ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኳ ላይ አፈጠጠ። እሷ ልብስ እያሰጣች የዳኛዋን ቃል ታነበንባለች።

«ተነሺ፣ ፈተናሽ ዛሬ ነው፤ ቢሮ አይቼዋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። «ታዲያ እኔ ስልክ ላይ ለምን የለም?» ብትለኝስ ብሎ ምላሱን ነከሰ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ትንሿ ክፍል ውስጥ እየጠበቃት እሷ እዚህ ካልሲ ስታሰጣ ማየቱ ግማሽ ሆዱን ቅቤ አጠጥቶታል።

ከሰዓት በኋላ ድንች እየላጡ ሳለ እንደ ልማዷ ስልኳን ከፈተችው። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«አንተ! ጠዋት ነበር እኮ! ዛሬ ጠዋት!»

እጇ እርጥብ ስለሆነ ስፒከሩን ከፍታ ነው ለአዘጋጁ የደወለችው።

«እህቴ፣ ጠብቀን ጠብቀንሽ ቀረሽ እኮ» አለ ሰውዬው። «ልደውል አልኩና፣ ካላንደሩ ላይ አለ፣ ካልመጣች ትታዋለች ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ለዚያችኛዋ ሰጠኋት።»

ሽቦ ካላንደሩን ስትረግም ሊሰማ ተዘጋጀ።

«ካላንደሩማ ምን ያድርግ፣ ባሌ የሠራው ነገር አይሳሳትም» አለች። «እኔ ነኝ ሳላየው የቀረሁት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እኔን ያሳዘነኝ፣ ቅዳሜ ያደረግኩት አንቺ ስለለመንሽኝ መሆኑ ነው። ሐሙስ ባሌ ሥራ ይበዛበታል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ካላየኝ ድምፄ አይወጣም አላልሽኝም? ለሱም አንድ ወንበር አስገብቼ ነበር።»

ስልኩን ዘጋችና ድንቿን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ቀኑ ሲወጣ ልነግርህ ነበር» አለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኳን ሰጠችው። «እስቲ እየው፤ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

ሽቦ ተቀበላት። ምንም እንደሌለበት እያወቀ አገላበጠው፣ ነካካው፣ አጥፍቶ አበራው።

«አዎ» አላት፤ «ስልክሽ ነው።»