ከመንታ መንገዱ ያነሳሁት ነጭ ድንጋይ

ልጄ በጉሙ ውስጥ ከፊቴ እየሄደች ሳለ ከእግሯ ሥር ጠጠር ተንከባለለ። ጠጠሩ መውረድ ሲጀምር ሰማሁት፤ ሲያርፍ ግን አልሰማሁም። ያኔ የት እንደቆምን ገባኝ። "ሰላም፣ እንዳትንቀሳቀሺ" አልኳት። ያ ቦታ አደይ ለተብርሃን የወደቁበት ነው። እዚያ ያደረስኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን እስከ ዛሬ ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ጽሕፈቴም የተጣመመ ነው። ግን በአፌ ልጀምረው ስል እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የምታነቡኝ ሰዎች፣ እንደ ነፍስ አባት ሆናችሁ ስሙኝ። አትዘኑልኝ። ስሙኝ ብቻ።

እኔ የወልዲያ ልጅ ነኝ። ሹፌር አግብቼ መቀሌ ገባሁ፤ ሰላም ጡት ሳትጥል ባሌ ሞተ። ያኔ ወደ አገሬ ያልተመለስኩት በአደይ ለተብርሃን ምክንያት ነው። ሓድነት ሰፈር ውስጥ ቤት ያከራዩን እሳቸው ነበሩ። አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ እሳቸውም ጓለይ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ትግርኛዬ ሲሰባበር እየሳቁብኝ "በሊ ግድ የለም፣ እግዚአብሔር አማርኛም ይሰማል" ይሉኝ ነበር።

ስኳር ነበረባቸው። ሐኪሙ በእግርዎ ይሂዱ ሲላቸው የት ልሂድለት እያሉ ያሾፉ ነበር፤ ተራራውን ያሳዩአቸው መምህር ኪዳነ ናቸው። መምህር ኪዳነ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ከዓይናለም ወዲያ ያለው ተራራ ትልቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ብዙ ነው። የከብት አለ፣ የእንጨት ለቃሚ አለ፣ እላይ ያለችውን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የሚወጣ ሰው የሚሄድበትም አለ። መምህር እሑድ እሑድ ሰው አስከትለው ይወጡና ለየመንገዱ ድንጋይ እየቀቡ ያስቀምጡ ነበር። ነጩ ለሽማግሌና ለሕፃን ነው፤ የተራራውን ወገብ ዞሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር አልፎ የሚመለስ ለጥ ያለ መንገድ። ቢጫው ጉልበቱን ለማያመው ሰው ነው። ቀዩ ለጎረምሳ፣ እስከ አናቱ። ተራራው የሁሉም ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ነጋዴ ላቡን እየጠረገ ለሰነፍ የሚሆን ቀለም የለዎትም ወይ ቢላቸው፣ "አለ እንጂ፣ የሚኒባሱ ሰማያዊ" አሉት።

አደይ ለተብርሃን የነጩ ደንበኛ ነበሩ። ሌሎቹ በቢጫው ሲቀድሟቸው እሳቸው ብቻቸውን ዱላቸውን ይዘው ከነጭ ድንጋይ ወደ ነጭ ድንጋይ ይሄዳሉ። ሰው ልያዝዎት ሲላቸው ድንጋዮቹ ይዘውኛል ይላሉ። መምህር ደግሞ ሁልጊዜ የሚደጋግሙት ነገር ነበር፤ ምልክት ካጣችሁ ወደፊት አትሂዱ፣ መጨረሻ ወዳያችሁት ምልክት ተመለሱ።

ሰላም ሰባት ዓመቷ ሆኖ ሳንባዋን ታመመች። ሆስፒታል አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ፣ ማርያም ልጄን ካተረፍሽልኝ ድንጋይ ተሸክሜ በእግሬ ደጅሽ እመጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። ልጄ ዳነች። አንድ ቅዳሜ ልጄን ለአደይ ለተብርሃን ትቼ ስለቴን ላደርስ ተነሳሁ። ሲሸኙኝ "ሂጂ ጓለይ፣ ለእኔም ጉልበት ለምኝልኝ" አሉኝ።

ተራራው ሥር ያለው ድንጋይ ሁሉ ሹል ነው። አንዱን ብሸከም ትከሻዬን ላጠኝ፤ ጣልኩት። ሌላ አነሳሁ፤ እሱንም ጣልኩት። መንታ መንገዱ ላይ ስደርስ ነጩ ድንጋይ ቁጭ ብሏል። ጠፍጣፋ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለሰው ትከሻ የተጠረበ ይመስላል። አነሳሁት።

አላወቅሁም ልበል? አውቄ ነበር። ቀለሙን አይቻለሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ማንን እንደሚመራም አውቃለሁ። የተቀባውን ፊት ወደ አንገቴ አዙሬ ነው የተሸከምኩት፣ ሰው እንዳያይብኝ። ያላወቀ ሰው ያዞረዋል? ስመለስ ሌላ ድንጋይ እተካለሁ አልኩ። ያልተቀባ ድንጋይ ማንን ሊመራ? እሱን አላሰብኩም። ስለቴን አደረስኩ፣ ድንጋዩን ከቅጥሩ ሥር ካሉት የስለት ድንጋዮች መሃል ቀለሙን ወደ መሬት ደፍቼ አስቀመጥኩት፣ እያለቀስኩ ደጁን ሳምኩ። ስወርድ በሌላ በኩል ዋናው መንገድ ላይ ወጣሁ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና አገኘኝና አሳፈረኝ። በመንታው አላለፍኩም። ልጄ ድናለች፣ ስለቴ ደርሷል፣ ደስ ብሎኛል። ምንም አላሰብኩም።

በማግስቱ እሑድ ጉም ነበር። አደይ ለተብርሃን እንደ ልማዳቸው ወጡ። መምህር ያን ሰሞን ቀለማቸው የለቀቀ ድንጋዮችን ቤታቸው እየወሰዱ እንደገና ይቀቡ ነበር፤ ስለዚህ ምልክት መጉደሉ አላስደነገጣቸውም። ሰፊውን መንገድ መረጡ። ሰፊው የከብት መንገድ ነው፤ ጥቂት ሄዶ ቋጥኝ ላይ ያልቃል። በቢጫው የሄዱት ሰዎች ሲመለሱ መጀመሪያ ዱላቸውን አገኙ፣ ቀጥሎ እሳቸውን ከታች። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በእግራቸው አልቆሙም።

ወሬው ቤት ሲደርሰኝ ወዲያው ነው ያወቅሁት። የት እንደወደቁ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ለምን ሮጬ አልተናገርኩም? ምን ያዘኝ?

ከጥቂት ቀን በኋላ መምህር ኪዳነ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"ኣደ ሰላም" አሉኝ፤ የሰላም እናት ማለታቸው ነው። "ቅዳሜ ወጥተሽ ነበር አሉኝ። መንታው ላይ ነጩ ድንጋይ ነበረ?"

"አልነበረም መምህር።"

"እንግዲያስ እኔ ነኝ" አሉ። "ለመቀባት አንስቼ ሳልመልሰው ቀርቻለሁ። እርጅና ነው።"

ድንጋዩን ጓሯቸው ውስጥ ፈልገው እንዳጡት ነገሩኝ። ያም ሆኖ እኔን አልተጠራጠሩም፤ የራሳቸውን ጭንቅላት ተጠራጠሩ። በአንዲት ቃል የአንድን አዋቂ ሰው ትዝታ ነጠቅሁት። እያየኋቸው ትከሻቸው ወረደ። ደህና ይዋሉ አልኳቸውና በሩን ዘጋሁ።

የእርቅን ወግ ታውቃላችሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይገባል፣ አጎንብሶ ይቆማል፤ የተበደለው ይቅር ሲል ድንጋዩ ይነሳለታል። መምህር ኪዳነ ሁለት ሽማግሌ ይዘው እንደዚያ ሆነው ገቡ። እኔ ከአልጋው አጠገብ ሾርባ ይዤ ተቀምጫለሁ። አደይ ለተብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ብዙ ቆዩ። ከመምህር አንገት ላብ ሲወርድ አያለሁ። አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አሁን። አደይ ለተብርሃን ዞሩ። እጃቸው ስለማይደርስ እኔን አዩ።

"ጓለይ፣ አንሺላቸው።"

አነሳሁት። ሾርባውን አስቀመጥኩና በእነዚህ እጆቼ የእኔን ድንጋይ ከንጹሕ ሰው አንገት ላይ አነሳሁት። ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉ፤ እኔም አብሬያቸው ተመስገን አልኩ። ከበደኝ? አልከበደኝም። ቀሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

መምህር ከዚያ ወዲያ ተራራ አልወጡም። ሰውም መንገዱን ተወው። እኔ አደይ ለተብርሃንን አጠብኩ፣ አገላበጥኩ፣ አበላሁ። ሰፈሩ የወልዲያዋን ዓይነት ልጅ ይስጠን እያለ አመሰገነኝ። ምስጋናውን በላሁት። ማስታመሜ ፍቅር ነበር ወይስ መደበቂያ? ፍቅርም ነበር፤ ግን ፍቅሬን መደበቂያ አደረግሁት። ማታ ስሸፍናቸው ይመርቁኛል፤ የልጅሽ እግር አይሰናከል ይላሉ። አሜን እላለሁ። በየትኛው አፌ?

እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ፣ ቢያውቁ ያባርሩኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ውሸት ነው። አንድም ሰው ባዕድ ብሎኝ አያውቅም። የፈራሁት ጓለይ መባል እንዳይቀርብኝ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ አደይ ለተብርሃን እጄ ላይ አረፉ። እስከ መጨረሻው አልነገርኳቸውም። ስንቱ ልጁን ባጣበት ከተማ የአንድ ድንጋይ ነገር ማን ይጠይቃል አልኩ። የሰው ሁሉ ሐዘን መጥቶ የእኔን ኃጢአት ሲሸፍንልኝ እፎይ አልኩ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ግን እፎይ ብያለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ሰላም ያዳነችኝን ማርያም ልሳለም ብላ ያዘችኝ። አሁን ቁመቷ ከእኔ በልጧል። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳመላልሳት ከርሜ እምቢ የምልበት ምክንያት አለቀብኝ። ዛሬ ጠዋት ወጣን። መንታው ላይ ስንደርስ ጉሙ ወረደ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩ የነበረበትን ጉድጓድ በሣሩ ውስጥ ስፈልግ፣ እሷ በሰፊው መንገድ ቀድማኝ ሄደች።

እየዳሰስኩ በጉልበቴ ደረስኩባት። ቀሚሷን ጨበጥኩ፣ ከዚያ እጇን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳል ነበር። ዛሬ ግን አልተሳልኩም። አንድ ጊዜ ተስዬ ስለቴን በማን እግር እንደከፈልኩ አውቃለሁ። የመጣልኝ የመምህር ቃል ነው። በኋላችን በኩል እየዳሰስን ተመለስን፣ መንታውን አልፈን፣ ቀለሙ የለቀቀ አንድ ነጭ ድንጋይ እስክናገኝ። እሱ ላይ ተቃቅፈን ተቀመጥን። ሰላም ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ፣ ተርፈናል እኮ ትለኛለች።

ጉሙ ሲገፈፍ በትክክለኛው መንገድ ይዣት ወጣሁ። ደጁን ተሳለምን። ከዚያ ወደ ቅጥሩ ሥር ሄጄ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። አገኘሁት። ፀሐይ ስላላየው ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ቀለሙን ወደ ውጭ አድርጌ ተሸከምኩት።

"እማ፣ የማን ነው?" አለች።

"የመምህር ኪዳነ።"

"እና ማን እዚህ አመጣው?"

"እኔ" አልኩ።

የቀረውን ቤት ስንገባ ነገርኳት። ድንጋዩን መንታው ላይ ከቦታው መለስኩት። ይህ ማካካሻ አይደለም፤ ከሣር ሥር ያለ ጉድጓድ መድፈን ነው።

ነገ ሌላ ድንጋይ ተሸክሜ መምህር ኪዳነ ደጅ እቆማለሁ። አንሱልኝ ብዬ አልለምንም። አንሺላቸው ይሉ የነበሩት ሰው የሉም። መምህር ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ምክንያት የለኝም፤ ሌላው ድንጋይ ትከሻዬን ስለላጠኝ ብቻ ነው ነጩን ያነሳሁት።

ዓይናለም አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ሚኒባስ ቆመልን። ሰላም ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሓድነት ገባን። አሁን ቤቴ ነኝ፤ ልጄ ከጎኔ ተኝታለች። ደርሰናል። ሁለታችንም ደህና ነን። አደይ ለተብርሃን ግን በዚያው መንገድ ሄደው ደህና አልገቡም።