ክዳኑ የተነሳ ሮቶ

እኔ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ ነው የምኖረው። የጳጉሜን ሩፋኤል ዕለት ማርቆስ ከተማ ከሴት ልጄ ዘንድ ነበርኩ። ከአሸንዳው ሥር ያለው ሮቶ ጢም ብሏል፤ ቧንቧው መምጣቱን ሲረሳ ቤቱ የሚጠጣው ከሱ ነው። ቀበሌው ለዝናብም ደንብ አውጥቷል፤ ሮቶ ይከደን፣ አፉ ላይ ወንፊት ይኑረው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ ይላል።

"ለእግዜርስ አዘናነቡን አልጻፉለትም?" አልኳት ልጄን።

የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው። የቆርቆሮ ዝገት ሳይነካው ይግባ ብዬ ክዳኑን አነሳሁት። ቤቱን የባረክሁ መስሎኝ፣ ሳልከድነው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

በማግስቱ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ለቁጥጥር መጣች። ሮቶው ውስጥ ብታይ አንዲት አይጥ ሆዷ ተነፍቶ ትንሳፈፋለች።

"እማማ፣ ይቺም ልትጠመቅ መጥታ ነው?" አለችኝ።

ልጄ ውሃውን ለቀቀችው። የክረምት ሙሉ ውሃ ጓሮ ወረደ፤ እድሜ ለእኔ፣ ጎመኑ ጸበል ጠጣ። መስከረምን እኔና ጀሪካኔ ምንጭ ዳር ወረፋ ስንጠብቅ ከረምን።

ከዚያ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ ወንድ ልጄ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ የሮቶውን ክዳን በሽቦ ጠፍሮት አየሁ። ለካ እህቱ ቀድማኝ ደውላለታለች።