ድንኳኑ የተነሣበት እሑድ

ባለፈው እሑድ ጠዋት የመንገድ ሠራተኞች ሰፈራችን መጡ። ክረምቱ ሳይገባ ጉድጓዶቹን ሊደፍኑ ነው። እኔ ደጃፍ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ከመኪናው ድምፅ በፊት የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የትኩስ ሬንጅ ሽታ፣ ናፍጣ የገባበት። እናቴ ውስጥ ሆና ሽታው ሲደርሳት መስኮቱን ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ መልሳ ከፈተችው። ለምን እንደዘጋችው አውቃለሁ። ለምን እንደከፈተችውም አውቃለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ከሞተ ገና ጥቂት ወሩ ነው። መንገድ ጥገና ላይ ነበር የሚሠራው፤ አስፋልት የሚዳምጠውን ማሽን፣ ሮለሩን፣ የሚነዳው እሱ ነው። ማታ ቤት ሲገባ የሚገባው ከዚህ ሽታ ጋር ነበር። እናቴ «ልብስህን ደጅ አውልቅ» ትለው ነበር። አሁን ልብሶቹን ለሰው ስንሰጥ አንድ ሸሚዝ ከፍራሿ ሥር አስቀርታለች፤ ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

ስለ ወንድሜ መጻፍ እፈልግና ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ብዙ ነገር ነበር። ግን ሽታው የመለሰኝ ወደ አንድ እሑድ ነው፤ እኔም አብሬው ወደነበርኩበት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነበር። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። ቤት ውስጥ ተኝቼ መዋል ስጀምር ዮናስ፣ «ኮርኒስ ከምትቆጥር አካፋ ያዝ» አለኝና በቀን ሠራተኝነት ወደ ቡድኑ ወሰደኝ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ፒያሳ ላይ አብረውኝ የተማሩ ልጆች ያዩኛል ብዬ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ እስበው ነበር። በኋላ ተውኩት። አካፋ ሲከብድ ሰው ማን እንዳየው አይጨነቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ቅዳሜ የተበላሸውን አስፋልት ዙሪያውን ቆርጠን፣ የላላውን አውጥተን፣ ጠጠር ሞልተን እንደመድማለን፤ በላዩ ሬንጅ እንቀባለን። እሑድ መንገዱ ጭር ሲል ትኩሱ አስፋልት ከከተማ ዳር ሸራ ለብሶ ይመጣል። አስፋልቱ ሳይበርድ መዘርጋትና መዳመጥ አለበት። የገልባጭ መኪናው ሹፌር ጋሽ ፈይሳ፣ «አስፋልትና ገንፎ ከበረደ አይበላም» ይል ነበር። ጋሽ ፈይሳ መኪናዋን ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው የሚያቆማት፤ ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖዋ፣ እንቢ ካለ በግፊ እንድትነሣ። የዮናስ ሮለር ደግሞ የውኃ ታንከሯ ታፈስ ነበር። ጎማ ስለሌላት ብረቱ ላይ ውኃ ካልወረደበት አስፋልቱ ይጣበቅባታል። ስለዚህ ዮናስ ቀዳዳውን በሳሙና ይደፍናል፣ እኔ ደግሞ በጀሪካን ከሰው ቤት ውኃ እለምናለሁ። ጋራዡ ውስጥ «ዕቃ ተጠይቆላቸዋል» እየተባሉ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች ነበሩ። የእኛዎቹ የሚሄዱት ስለተለመኑ ነው።

በዚያ ሰሞን ፎርማናችን ጡረታ ወጥቶ ነበር። አለቃው ዮናስን ጠርቶ፣ «የዚህን እሑድ ሥራ አንተ ምራው። ጥሩ ከሆነ ለፎርማንነት ስምህን አቀርባለሁ» ብሎታል። ፎርማን ማለት ደግሞ ቋሚ ማለት ነው። ዮናስ እስከዚያ ድረስ ኮንትራት ነበር፤ በየጊዜው ውሉ ይታደስ ይሆን እያለ የሚሰጋ። የሁለቱን ልዩነት ያስረዳኝ ጋሽ ፈይሳ ነው፤ «ቋሚ ሲታመም ይተኛል፤ ኮንትራት ሲታመም ይተካል» አለኝ። ያኔ ስቄአለሁ።

ቅዳሜ ማታ ዮናስ የሚያንጸባርቅ የሥራ ሰደርያውን አጥቦ ፍራሽ ሥር አስተኛው፣ እንዲተኮስ። እናቴ፣ «ሰርግ አለህ እንዴ?» አለችው። «ከሰርግ ይበልጣል» አላት። እሷም ገብቷታል። ሲነጋ ቀድማን ተነሥታ ጸልያ ጠበቀችን።

እሑድ በጠዋት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቦንቦሊኖ በሻይ በላን። የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ሰማዩ ደመና ይዟል፣ ከጊዮርጊስ የቅዳሴ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይወርዳል። ዮናስ ሁለት ቦንቦሊኖ አዝዞ አንዱን ብቻ በላ። ከዚያ ትናንት ቆርጠን ወደተውነው ጉድጓድ ሄድን። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባ ጠባብ መንገድ ነው።

ስንደርስ ጉድጓዱ የለም። የለቅሶ ድንኳን ተተክሎበታል።

ከፊት የሚሄደው ሀብቴ ነበር፤ አስፋልቱን በሬክ፣ ጥርስ ባለው መጥረጊያ፣ የሚያስተካክለው ልጅ፣ አፉ የማያርፍ። «ዮኒ፣ ጉድጓዳችን ላይ ቤት ተሠራበት» ብሎ ዞረ። ወዲያው ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከግቢው ሲወጡ አየና ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ወጣት ሌሊት ሞቷል። አስከሬኑ ገና ቤት ነው፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። የእድሩ ሰዎች እኛ የቆፈርነው ላይ ሳንቃ አንጥፈው አግዳሚ ደርድረውበታል።

አስፋልቱን ጭኖ ከኋላችን የደረሰው ጋሽ ፈይሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ቦታ እንውሰደው» አለ።

«የት? የተቆረጠው ይኼ ብቻ ነው» አለው ዮናስ። «ደግሞ ጥለነው ብንሄድ ሬሳው የሚያልፈው በዚህ ጉድጓድ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ በልና አናግራቸው። ሸራው ሥር ያለው አስፋልት አይጠብቅም።»

ዮናስ ሰደርያውን አወለቀ። ቀለሙ ለለቅሶ አይሆንም ብሎ ይመስለኛል። ትናንት ዳር ያቆመው ሮለር ወንበር ላይ አጣጥፎ አስቀመጠው፣ ከዚያ ገባ። እኔና ሀብቴም ተከተልነው። ጫፍ ላይ ተቀመጥን።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁጭ ሳይሉ ማውራት አይቻልም፣ ይኼን እኔም አውቃለሁ። ግን ትንሽ ተቀምጦ፣ ከዚያ አንዱን ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ጉዳዩን የሚነግር መስሎኝ ነበር። ዮናስ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። የሟች እናት እዚያው ፊት ለፊት ነበሩ፤ ስሙን እየጠሩ፣ ልጅ ሳለ ያደረገውን እያነሡ ያለቅሳሉ። አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ያስታውሳሉ። ቅዳሴው አለቀ። ጋሽ ፈይሳ በድንኳኑ ክፍተት ብቅ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተመልሶም ሄደ። እኔ ዮናስን በክርኔ ነካሁት። አይሆንም በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንደገና ነካሁት።

«እያለቀሱ እኮ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

በመጨረሻ የእድሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ሬንጅ የነካውን ጫማችንን አይተው አጠገባችን ቁጢጥ አሉ። «ልጆች፣ የሟች የሥራ ጓደኞች ናችሁ?»

«አይደለንም ጋሼ። የመንገድ ሠራተኞች ነን። ያ ጉድጓድ የእኛ ነው» አለ ዮናስ።

«እና እስካሁን ምነው ዝም አላችሁ?»

ዮናስ ወደ ሟች እናት በዓይኑ አመለከተ። እሳቸውም ሰምተዋል። ለቅሶአቸውን አቆሙ። «ትናንት ሲያንገጫግጩ የዋሉት እነሱ ናቸው?» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። «ልጄ ጆሮውን በትራስ ይዞ ነው የዋለው። አልጋው እየተንቀጠቀጠ። የመጨረሻ ቀኑ መሆኑን ባውቅ ወጥቼ እለምናችሁ ነበር።»

«አላወቅንም እማማ» አለ ዮናስ።

«ማን ያውቃል» አሉ። ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «በሉ ጨርሱት። ልጄን የሚሸከሙት እንዳይደናቀፉ» አሉ።

የእድሩ ሰብሳቢ ተነሡ። «ድንኳን ከቀብር በፊት አይነቀልም። ደስ አይልም» አሉ። «ማንሣት ግን ይቻላል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ሀብቴ።

«የነቀልከውን ታጣጥፈዋለህ። ያነሣኸውን ትሸከመዋለህ። ና ይኼን ብረት ያዝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ወንዶቹ በየምሰሶው ቆመው ድንኳኑን እንዳለ አነሡት። ወደ ላይኛው ጎረቤት በር ቀስ እያሉ ሄዱ። አሮጊቶቹ ነፋስ እንዳይነካቸው ይሁን ወይም ከድንኳን መውጣት ነውር መስሏቸው፣ ከሥሩ አልወጡም፤ ነጠላቸውን ይዘው አብረው ተራመዱ። ከውጭ ሲታይ ድንኳኑ ራሱ እግር አብቅሎ የሚሄድ ይመስላል። የቆመበት ቦታ ባዶ ሲሆን አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብቻ አግዳሚያቸው ላይ ቀሩ፤ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መሐል መንገድ ላይ።

ሀብቴ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ድንኳኑ ሄደ» አላቸው።

«ቀብር ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም። ድንኳኑ ብቻ ነው የሄደው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ታዲያ እኔን ሳይነግረኝ?» አሉ። የሟች እናት ሳይቀሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልለየሁም።

ጋሽ ፈይሳ ጭነቱን ገለበጠ። ከላይ ያለው በርዶ ድንጋይ ሆኗል፤ መሐሉ ብቻ ይጨሳል። የበረደውን ወደ ዳር እየጣልን ከመሐሉ እየዛቅን ዘረጋን። እንዳይጣበቅ አካፋው ላይ ናፍጣ እየቀባን፣ እየሮጥን። ለጉድጓዱ በቃ፣ ግን ሙቀቱ እያለቀ ነው። ዮናስ ሮለሩ ላይ ወጣ። የቀዘቀዘ አስፋልት እንዲጠብቅ ማሽኑ ከክብደቱ ሌላ መንቀጥቀጥ አለበት፤ ትናንት አልጋውን ያንቀጠቀጠው እሱ ነው። ዮናስ ሞተሩን አስነሣ። መንቀጥቀጫውን ግን አልከፈተም።

«ክፈተው!» አለ ጋሽ ፈይሳ። ዮናስ በእጁ ወደ ቤቱ አመለከተ፤ አስከሬኑ ወዳለበት። ጋሽ ፈይሳ ተጠግቶ፣ «ዮኒ፣ ቋሚነትህ እዚህ መንገድ ላይ ነው ያለው» አለው። ወንድሜ ሰማው። መሪውን ይዞ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ ወደፊት ሄደ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው በዚያ ላይ አለፈ። ማንም አልተደናቀፈም።

ሰኞ አለቃው መጣና በጫማው ተረከዝ የጥገናውን ጫፍ ፋቀው፤ ጠጠሩ ተነሣ። «ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሮለሯ አሮጌ ናት፣ አዎ ቢል ማንም አይጠራጠርም። ጋሽ ፈይሳ ከኋላ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። «አልተበላሸም» አለ ዮናስ። «እኔ ነኝ ያልከፈትኩት። ለቅሶ ነበር።» አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። «ይገባኛል» አለ፤ «ግን ምን ብዬ ልጻፍ?» ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጥገናውን አንሥቶ ወሰደው። ፎርማንነቱ ከሌላ ቡድን ለመጣ ሰው ሆነ። ዮናስ ለእናታችን፣ «ቦታው ተዘግቷል አሉ» አላት።

ዮናስ እስከ መጨረሻው ኮንትራት ነበር። ዓምና ፊቱ ማበጥ ሲጀምር፣ ጠዋት ጫማው አልገባ ሲለው፣ «ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት። «ውሉ ይታደስና» አለኝ። የሚቀር ሰው ስሙ እንደሚሰረዝ ሁለታችንም እናውቃለን። ውሉ ታደሰ። ከዚያ ደግሞ ሥራ በዛ። ሐኪሙ ኩላሊቱን ካየ በኋላ የጠየቀን አንድ ነገር ነው፤ «እስከዛሬ የት ነበራችሁ?»

በዮናስ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ደግ ነበር» አለ። እውነት ነው። እኔ ግን ያንን ቃል በሰማሁ ቁጥር ያንን መንቀጥቀጫ አስባለሁ። ቢከፍተው ኖሮ እላለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ነበር። ከሞተ ሰው ይልቅ ለራሱ ቢያስብ። መልሼ ደግሞ እኚያን እናት አስባለሁ፣ የእኔ እናት በእሳቸው ቦታ ብትሆን እላለሁ፤ እዚያ ላይ ሐሳቤ ይቆማል። ትክክል ነበር ማለት አልቻልኩም። ተሳስቷል ማለትም አልቻልኩም። ምናልባት ሌላ ሰው ይችል ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ሠራተኞቹ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ «አንተ አብረኸው ሠርተሃል» አለችኝ። «ሥራ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነበር? እኔ እኮ የማውቀው ቤት ሲገባ ነው።»

ድንኳኑን ነገርኳት። አሮጊቶቹ ከሥሩ ሲራመዱ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን መሐል መንገድ ላይ ሲቀሩ። «እኔን ሳይነግረኝ?» ያሉትን ስነግራት እናቴ ሳቀች። ዮናስ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አፏን በጥቁር ነጠላዋ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ጉድጓዱን ደፈነው። ሬሳውም በደህና አለፈ።»

«ጥሩ አድርጎ ሠራው?»

«ጥሩ አድርጎ» አልኳት።