ጋቢ የተነጠፈበት ሜዳ

ትእዛዙ የደረሰን እስቴ ሳለን ነው፤ ጋይንት ወጥታችሁ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አዘጋጁ የሚል። ጣሊያን ሊወጣ የተቃረበበት፣ እኛ አርበኞች ግን ገና የምንቀበርበት ወቅት ነበር። እኔ በስደት ሱዳን ሳለሁ ሬዲዮ ስለተማርኩ ጠመንጃ ብዙም አልተኮስኩም። ሥራዬ ለአብራሪው ደመናውን፣ መሬቱንና ነፋሱን መንገር ነበር።

ድንጋይ ለቀምን፣ ጉድጓድ ደፈንን። ሜዳው ከሰማይ እንዲለይ ጋቢያችንን እያወለቅን ዳርና ዳር አነጠፍን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሆዱን የተመታው ጓደኛዬ ዋሴ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ሰጠኝ። አውሮፕላኑ የሚመጣው እሱንና ሁለት ቁስለኞችን ሊወስድ ነው፤ ሐኪም ካላያቸው አይተርፉም።

«ጋቢዬን አደራ» አለኝ።

«ስትመለስ ትወስዳለህ።»

ጠዋት የጉና ተራራ ጥርት ብሎ ነበር። «ደመና የለም፤ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ» ብዬ አስተላለፍኩ። ሦስት ሰዓት ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ያነደድነው እሳት ጭስ ወደ ምሥራቅ ታጠፈ። ደነገጥኩ። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። አሁን በምሥራቁ ኮረብታ አናት አልፎ ሊመጣ ነው፤ እዚያ ደግሞ የጠላት መትረየስ አለ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ አዛዣችን ግራዝማች።

«ነፋሱ ዞሯል ጌታዬ። በመትረየሱ በኩል ነው የሚመጣው።»

«በቀድሞው በኩል ይምጣ በለዋ!»

«ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፤ ሜዳው አልቆበት ይከሰከሳል።»

ግራዝማች ቁስለኞቹን አዩ። «እንግዲያው መትረየሱን ዝም ማሰኘት ነው» አሉ።

ቀልደኛው ይመር ቀድሞ ተነሣ። «አንተ ወሬህን ቀጥል፤ እኛ ጠርገን እንመጣለን» አለኝ።

ስምንት ሆነው ሄዱ። አውሮፕላኑ ከላያችን ይዞራል። መትረየሱ ተንጣጣ። አንዱ ወደቀ። ሌላውም። «ቆይ፤ ገና ነው» እያልኩ አስተላልፋለሁ። ደመናው ከጉና መውረድ ጀመረ። የእኛዎቹ የእጅ ቦምብ ፈነዳ። ኮረብታው ዝም አለ። አብራሪውን «ና» አልኩት።

አረፈ። ሦስቱን ይዞ ተነሣ።

ከስምንቱ አምስቱ ሞቱ፤ ይመርም አንዱ ነው። ከፈን ስላልነበረን ከሜዳው ጋቢዎቹን አነሣን። ለይመር የደረሰው የዋሴ ጋቢ ነበር። ሦስት አድነን አምስት ቀበርን። ይህ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነፋሱን ግን ከዞረበት ሌላ አቅጣጫ ልሰጠው አልችልም ነበር።

ዋሴ ድኖ ተመለሰ። ገና ሳንቀመጥ «ጋቢዬስ?» አለኝ እየሳቀ። ነገርኩት። ሳቁን አቆመ።

«ይሙቀው» አለ።