የአያ ኑርዬ መንጋጋና የአብዱልሃሚድ ሙቀጫ

አያ ኑርዬ ሐይቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥርሱ ግን ተበታትኗል። ገጥመው የሚያኝኩለት በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት መንጋጋዎች ብቻ ናቸው። የታችኛው መጠዝጠዝ ሲጀምር ፍርሃት ያዘው። የፈራው ሕመሙን አልነበረም፤ ሙቀጫን ነው። ጥርስ የሌለው ሰው ጫቱን ወቅጦ ነው የሚቅመው። ጥርስ አልባውን ጎረቤቱን አብዱልሃሚድን ጫት እየተቃመ ዱዓ በሚደረግበት ወዳጃ ሁሉ «ጎመን ክትፎህ ደረሰ?» እያለ ሲያበሽቀው የኖረው ደግሞ ራሱ ኑርዬ ነው።

«ጥፋቱ የስኳር ነው» ብሎ ፈረደ። ሲቅም ጉንጩ ውስጥ ስኳር ይወትፍ ነበርና እሱን ትቶ የአምባሰል ማር ያዘ። ጥዝጣዜው ባሰ። ማሩን ትቶ ቴምር ወተፈ። ጉንጩ አበጠ፤ በቀኝ ሲያዩት የጠገበ ነጋዴ፣ በግራ ሲያዩት የተራበ የቁርኣን ደረሳ መሰለ።

የጥርስ ሐኪሟ ሰሚሃ አፉን ከፍታ አየች።

«አያ ኑርዬ፣ ምንድን ነው እዚህ ያከማቹት?»

«ቴምር ነው ልጄ። ፊት ማር ነበር። ማር ሽፋ አለው፣ ፈውስ ነው፣ ታውቂያለሽ።»

«አለው። ግን ከዙህር እስከ መግሪብ ጉንጭ ውስጥ ይዋል ያለ ሸህ አለ?»

ኑርዬ ቴምሩን ከጉንጩ መዝዞ አወጣ።

«ጀርም ስኳር፣ ማር፣ ቴምር ብላ አታማርጥም» አለች። «ያገኘችውን በልታ አሲድ ትተፋለች፤ ጥርስ የሚቦረቡረው እሱ ነው። ጫቱ ደግሞ ምራቅዎን ያደርቀዋል፤ ጥርስዎን ማን ይጠብልዎ? ጣፋጭ ካማረዎ ከምግብ ጋር ይብሉና በውሃ ይጉመጥመጡ። ጉንጭ መጋዘን አይደለም!»

«ጫቱ ይመረኛላ!»

«እንግዲያው የስኳር ሕመምተኞች ሻይ ውስጥ የሚጨምሯት ማጣፈጫ አለች። እሷን ጀርም አትበላም።»

የታመመውን መንጋጋ ቦርቡራ ሞላችለት። «ከያዘ ያዘ፤ ካልያዘ ይነቀላል» ብላ ሸኘችው።

እብጠቱ ሲጎድል ወዳጃ ተጠራ። አብዱልሃሚድ ሙቀጫውን ታቅፎ ገባ።

«ኑርዬ፣ ላንተ ብዬ አጥቤዋለሁ። ጎመን ክትፎ ልሥራልህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኑርዬ ሰሚሃ ከነገረችው ማጣፈጫ አንዲት እንክብል ጉንጩ ውስጥ ጣለና ቅጠሉን በቀኝ በኩል ነከሰ። ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ቀርጨም። ደገመ። ቀርጨም!

«አልሐምዱሊላህ!» አለና በደስታ ሌላ እንክብል ለአብዱልሃሚድ ዘረጋለት። «እንካ፣ ይቺን ጀርም አትበላትም፤ ጥርስ አትጎዳም።»

አብዱልሃሚድ እንክብሏን ገፋት፤ ጫቱ ላይ ጭብጥ ሙሉ ስኳር ነሰነሰና ሙቀጫውን ለኑርዬ አስታቀፈው።

«በል ውቀጥልኝ። ጀርሟ እኔ ዘንድ መጥታ ምን ልትበላ ነው?»